ውሃ የሚጠጣ ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ማምሻውን ሥራችን ጉማሬ መጠበቅ ነበር። መሬታችን ሰባታሚት፣ ዓባይ ዳር ነው። ነበር ማለቴ ነው። ጉማሬ ከውሃው ወጥቶ ማሳ ከገባ የዓመት ቀለብ ረጋግጦ ነው የሚመለስ፤ ጭስ ከሸተተው ግን አይደፍርም። ስለዚህ አያቴ፣ አባባ ነበር የምንላቸው፣ ከጥበቃ ማማዋ ሥር ኩበት ያቀጣጥላሉ፤ እኔና እህቴ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን አጠገባቸው ኩርምት እንላለን። ኩበት ነበልባል የለውም። ውስጥ ውስጡን ነው የሚነድ።

አባባ ወታደር ነበሩ። ኦጋዴን ተዋግተው፣ ግራ እግራቸው ውስጥ ብረት ይዘው ነው የተመለሱ። የጅቡንም የጦጣይቱንም ተረት ያውቃሉ፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንለምናቸው ያችኑ የውሃ ጉድጓዷን ነበር። አባባ ከድንጋይ ኋላ ተኝተው ሲጠብቁ ከወዲያ ወገን አንድ ሰው ብቻውን መጣ። ከአንድ ቆርቆሮ አብሯቸው የሚበላውን ጓደኛቸውን በዋዜማው የገደለው እሱ ነው፤ በቀይ ሻሹ አወቁት። ጠመንጃውን አስቀምጦ ተንበረከከና በእፍኙ እየቀዳ ይጠጣ ጀመር። አባባ አነጣጥረዋል።

«አልተኮስሁም» ይሉናል። «ውሃ የሚጠጣ ሰው አይመታም። ጠላትም ቢሆን ያን ጊዜ ጉሮሮው የእግዜር ነው።»

«እሺ፣ ጠጥቶ ሲጨርስስ?» እላለሁ እኔ።

ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱና «እሱማ ጠጣ» ይላሉ። ታሪኩ እዚያው ላይ ይቆማል። ያኔ እኔ ንድድ ነበር የምል፤ ብረት በእግሩ ይዞ የሚሄድ ጀግና እንዴት መጨረሻ የሌለው ታሪክ ያወራል እያልሁ ጭሱን በዱላ እመታው ነበር።

አንዳንድ ቀን አያ ሞላ ይመጣል። ጎረቤታችን ነው፣ የእኔ ክርስትና አባት፣ የአባባ አበልጅ። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን አንተም ይበዛበታል። ከእኛው እሳት እየሞቀ፣ የእኛን እሸት እየጠበሰ፣ ያችን ታሪክ ከእኔ እኩል ሰምቷል።

«አይ አበልጄ፣ እኔ ብሆን አናቱን ነበር የምለው» ይላል አፉን ሞልቶ።

«አንተማ ያጠጣህንም አትምር» ይሉታል አባባ። ሁላችንም እንስቃለን። ቀልድ ነበር የመሰለን።

ከተማው እየሰፋ ወደ እኛ ሲመጣ አያ ሞላ «ከዋንዛው ወዲህ ያለው የእኔ ነው» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንበሩን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፤ ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የማለ ይውሰድ ተባለ። መጀመሪያ ይማሉ የተባሉት አባባ ናቸው።

«እኔ አንድ ጊዜ ምያለሁ፣ ለባንዲራ» አሉ። «ለእርሻ ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም። አበልጄ እውነቱን ያውቃታል፤ እሱ ይናገር።»

አበልጃቸው በሩን ይዞ ማለ። መሬቱንም ወሰደ።

አባባ አንድ ቃል ቢተነፍሱ መሬቱ የእኛ ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አንዳንዴ እሳቸውንም እቀየማለሁ። በዚያው ዓመት ከሰባተኛ ክፍል ወጣሁና ከተማው ውስጥ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ከመኪና ድንጋይ ማውረድ ጀመርሁ። አባባ ያለ ማሳና ያለ እሳት ክረምቱን አልተሻገሩም። አያ ሞላ ቀብሩ ላይ መጥቶ ከእኛ በላይ ጮኾ አለቀሰ። አፈሩ ሲመለስ አባባ ያልማሉትን እኔ በልቤ ማልሁ፤ አንድ ቀን እጄ ይገባል ብዬ።

አምና ነው፣ ካቦው ለቀን ሥራ ሰብስቦ ይዞን የሄደው ሰባታሚት ሆነ። ከመኪናው ስወርድ ዋንዛውን አየሁት። ማማችን ከነበረችበት ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ባለቤቱ አያ ሞላ። ጢም አብቅዬ፣ ፊቴም ሲሚንቶ ለብሶ አላወቀኝም። ጥዬ መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ቀን ጠበቅሁ።

አንድ ከሰዓት ብሎኬት ታቅፌ ላይኛው ፎቅ ጫፍ ቆሜያለሁ። እሱ ሥራውን ሊያይ መጣና ልክ ከእኔ ሥር ቆመ፤ አናቱ ባዶ ነው። ብሎኬት ከእጅ ያመልጣል። በየሥራው ያመልጣል። እጄን ላላ አደረግሁ።

«አንቺ፣ ውሃ የለም?» አላት አሸዋ የምትሸከመውን ልጅ። «በዚህ ፀሐይ ሰው ልትገድሉ ነው?»

«እኛስ ሰው አይደለን፣ ጋሼ?» ብላ እየሳቀች ጆጉን አቀበለችው።

ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንጋጦ ይጠጣ ጀመር። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ከላይ አየዋለሁ። በዚያ አካባቢ ኩበት የለም፤ እኔን ግን የኩበት ጭስ ሸተተኝ። ክንዴ ዛለ። እሱ ይጠጣል። ጨረሰና አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ጥላው ሄደ።

«አንተ!» አለኝ ግንበኛው። «ልጅ ነው እንዴ የታቀፍኸው? አምጣው እንጂ!»

አቀበልሁት። ግድግዳው ውስጥ ገባ።

ምሬዋለሁ ብዬ አልዋሽም። አባባ ያችን ታሪክ ለምን እንደማይጨርሷት ግን ያን ቀን ገባኝ። ያኔ እኛ ሰውዬው ሄደ፣ በቃ አለቀ እንል ነበር፤ ለካ እሳቸው ፍሙን በቆሰቆሱ ቁጥር እዚያው ድንጋይ ኋላ ተኝተው ያችን ቀይ ሻሽ እያነጣጠሩባት ነበር። መሬቱን አላወረሱኝም፤ ያወረሱኝ ይቺን ያላለቀች ታሪክ ነው።

ቤቱ አልቆ አያ ሞላ ገብቶበታል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ ያችን ብሎኬት እፈልጋታለሁ፤ ግድግዳው ተለስኖ ተቀብቷል፣ አትታይም። እኔ ግን ቦታዋን አውቃለሁ። ለእኔ ያ ሰው አሁንም አንጋጦ እየጠጣ ነው። እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።