በኮልፌ የቀበርነው ቆጮ

እናንተስ፣ አገር ለቃችሁ ስትወጡ ከዕቃው ሁሉ አስቀድማችሁ የሚሸት ነገር ታቅፋችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ታቅፋ ወጥታለች። ዶሮ ሳይጮህ ከደጃችን ስንወጣ እኔ መጻሕፍቴን በጆንያ አዝያለሁ፤ እሷ በእንሰት ቅጠል ደራርባ የጠቀለለችውን የቆጮ እርሾ ደረቷ ላይ ለጥፋለች።

«እማዬ፣ ጋቢሽን ያዢ እንጂ» አልኳት።

«ጋቢ የትም ይሸመናል» አለችኝ።

እንሰት ለማያውቅ ላስረዳ። ሙዝ የሚመስል ተክል ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ግንዱ ይፋቃል፤ የተፋቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ከእርሾ ጋር ይቀበራል፤ ሲበስል ቆጮ ሆኖ ይጋገራል። ዝናቡ አቁሞ ሜዳው አበባ ሲለብስ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በእኛ አገር ቤት ሁሉ ሥራው ይኸው ነው። የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አይጠጋም። ወንድ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አጥር ያጥራል፣ ከግንዱ የሚወጣውን ቃጫ ገመድ ያደርጋል። በልጅነቴ አንድ ቀን ልይ ብዬ ብጠጋ አክስቴ ቁርጭምጭሚቴን በቀርከሃው መፋቂያ አቅምሳኛለች።

የወጣንበት ምክንያት ቀላል ነው። ጣሊያን መንገድ ሲቀይስ የመለኪያ ገመዱ በእንሰታችን መካከል አለፈ። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ የሚከራከር አልነበረም። አያቴ የተከለው ሁሉ በሁለት ቀን ተመንጥሮ አለቀ። የማስተምርበት ቤትም የወታደር መኝታ ሆነ። ስድስት ቀን በእግራችን ተጓዝን። እናቴ ወንዝ ባገኘች ቁጥር መጀመሪያ እርሾውን ውኃ ታርከፈክፍለታለች፤ እሷ የምትጠጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮልፌ ስንደርስ ጎጆ የሚያከራዩ ባሻ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አገኘን።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን እጅህ ምን ይሠራል?»

«ገመድ እገምዳለሁ።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ።»

ከጓሮ አራት ትልልቅ ኮባ ቆመው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው እንሰትን ኮባ ይለዋል። እናቴ ሄዳ ግንዱን ዳበሰችው።

«ይሄን ማን ነው የሚበላው?» አለች።

ባሻ ሳቁ። «ቅጠሉን ለድፎ ዳቦ እንቆርጣለን። ግንድ ይበላል እንዴ? እናንተ አገር የቤቱን ምሰሶስ ትተዉታላችሁ?»

«ምግብ ጓሮዎ ቆሞልዎት ዳቦ ይጠቀልሉበታል» አለቻቸው።

እሳቸውም ግንዱን ዳበሱና «ሁለቱን ውሰጂ። የቀሩት የሁለቱ ቅጠል ግን የእኔ ነው» አሉ።

ያ ጥቅምት የመጨረሻው ደስታችን ነበር። በአጥሩ ሥር ጎመን ተከልኩ፤ ጉድጓዱን ቆፈርኩ፤ እናቴ የምትፍቅበትን ቦታ በቅጠል ከለልኩላት። ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ የእኛ አገር ጥቅምት እንዲህ አይደለም። እኔ ከከለላው ውጭ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የምትወረውርልኝን ቃጫ እገምዳለሁ። አገር ቤት ለዚህ ሥራ የሰፈር ሴቶች ይሰበሰቡ ነበር። እዚህ ብቻዋን ናት። እዚያ የቀሩትን ጎረቤቶቿን እየጠራች ትቆጣቸዋለች። «አንቺ ደግሞ ቀስ በይ፣ ቡላውን አፈሰስሽው» ትላለች። ከዚያ በሌላዋ ድምፅ ለራሷ ትመልሳለች። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ መሳቅ አቃተኝ። የፋቀችውን ካመጣችው እርሾ ሁሉ ጋር ቀበርነው።

የኮልፌ ምግብ አልስማማት ብሎ ከስታ ነበር። እንጀራ ስሰጣት አንድ ጉርሻ ታላምጥና «አፌ አልተቀበለውም» ትላለች። «ጉድጓዱ ይከፈት፤ ያኔ እበላለሁ።» እኔም ቀኑን ደብተሬ ላይ እያሰመርኩ እቆጥር ጀመር።

ኅዳር ላይ አንድ ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። አዲሶቹ ሰዎች መሬት ውስጥ ነገር ደብቀዋል ብሎ የጠቆመ አለ።

«ምን ቀብራችኋል?» አለ አስተርጓሚው።

«ምግብ።»

ካራቢኔሪው «ፐርኬ?» አለ።

«ለምን ይቀበራል ይልሃል።»

«እንዲበስል።»

«እሳት የላችሁም?»

«አለን። መጀመሪያ ግን መሬት ውስጥ ይቆያል።»

«ወንድሜ፣ ይሄን ብተረጉምለት ሁለታችንንም ያስረናል።»

ክፈቱ ተባልንና ከፈትን። ካራቢኔሪው በሳንጃው ወጋ ወጋ አደረገው። ብረት የለም። ሳንጃውን በሣሩ ጠረገና «ቫ ቤነ»፣ ደህና ነው፣ ብሎ አፍንጫውን ይዞ ሊሄድ ዞረ። ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ግን ከስንት ወር በኋላ የሚማር ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

«ሽታው ደግ ምልክት ነው በለው። በደንብ እንዲበሰብስ ከአገራችን እርሾ አምጥተንበታል። ይሄ ገና ነው፤ በሚመጣው ወር ይብሳል» አልኩ።

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተው» አለኝ።

«የለም፣ በደንብ አስረዳው። ዕውቀት ነው።»

አስረዳው። ካራቢኔሪው ተመለሰ፤ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ኖራ በጆንያ ተሸክመው መጡ።

«የበሰበሰ ነገር ከመኖሪያ አጠገብ ክልክል ነው፤ በሽታ ያመጣል ብሏል» አለ አስተርጓሚው፣ ዓይኔን ሳያይ።

እናቴ ከጎጆው ወጣች። «ልጄ፣ ከዳር አንዲት ጭብጥ ልውሰድ። ለእርሾ ብቻ። ንገርልኝ» አለችው።

«እናቴ፣ ይቅርብዎ» አላት። አልተረጎመላትም። ኖራው ጉድጓዱ ላይ ፈሰሰ።

ማታ ባሻ ትኩስ ድፎ አመጡላት። «እመቤቴ፣ ለእኔ ሲሉ ይቅመሱ» አሏት፤ ያን ቀን አልቀለዱም። ቅጠሉን ከዳቦው ላይ ልጣ አሸተተችውና ዳቦውን ለእኔ ሰጠችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንተማ አስተማሪ ነህ» አለችኝ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ምግብ የሚባል ሸሻት። ስትደክም ብዬ ብዬ ጠየቅኋት፤ «እርሾው ከመጀመሪያው እንዴት ነው የሚሠራው?»

«የሴት ነገር ምን ያደርግልሃል?» አለች። ከብዙ ቀን በኋላ ግን ራሷ ጀመረችው። «አሚቾውን፣ ሥሩን ማለቴ ነው፣ ትወቅጠዋለህ። በቅጠል ትጠቀልለዋለህ። ከዚያ...» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ጥር ሳይወጣ አረፈች። ከ«ከዚያ» በኋላ ያለውን አላውቅም።

ከቀሩት ኮባዎች በባሻ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አሚቾውን ወቅጬ በቅጠል ጠቅልዬ ስምንት ቀን አቆየሁት፤ ሻገተ። በሌላው አሥራ አምስት ቀን አቆየሁና ከተፋቀው ግንድ ጋር ቀበርኩት። ስከፍተው መልኩ ቆጮ ነው፤ ጣዕሙ ግን የማንም ቤት አይደለም። በልቼ ጨረስኩት፤ ሌላ የሚበላ አልነበረኝም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ይህን ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸውና የዘለልኩትን ጻፉልኝ። ተሰዳችሁ በየከተማው ያላችሁም፣ አንድ ኮባ ካገኛችሁ እኔ በጻፍኩት መንገድ ጀምሩና ከእኔ የተሻለ እንደሆነ እዩ። እናቱ በሕይወት ያለችለት ወንድ ደግሞ እንሰት በምትፍቅበት ቀን ከለላውን አልፎ ይግባ፤ ብትመታውም አይውጣ፤ መፋቂያውን ተቀብሏት እስከ መጨረሻው ይሞክረው።