አያ ታገለ የነከሱት ስንዴ

«አልነክስም አልኩህ! ፍልሰታ ነው፣ እየጾምኩ ነው።»

«አያ፣ አይዋጡት፤ ነክሰው ይትፉት። ማን ያይዎታል?»

«የሚያየውማ ያያል። ስድስት ሰዓት ቅዳሴ ገብቼ እቆርባለሁ። ነገ ይሁን።»

ይህ ከአያ ታገለ ጋር የገጠምኩት ክርክር ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ዳባት ገበያ ላይ አንዲት ሴት ከጆንያ ስንዴ ዘግና፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ቀጭ ስታደርግ ሰምቼ ነው።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደባርቅ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አያ ታገለ ስንዴ ተረካቢ ነበሩ። እርጥቡን ከደረቁ የሚለዩት በጥርሳቸው ነው። ነሐሴ ደግሞ ደባርቅ ጉምና ዝናብ ነው፤ የሚገባው ጆንያ ሁሉ ይጠረጠራል። ጾም ሲሆን እሳቸው ከቅዳሴ ወጥተው እህል እስኪቀምሱ ስንዴው ተቆልሎ ይጠብቃል።

እኔ ከርካሽ ዕቃ ትንሽ መሣሪያ ገጣጠምኩ። ጆንያ ውስጥ ሲሰኩት ለእርጥብ ቀይ፣ ለደረቅ አረንጓዴ ያበራል። ቀዩ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን የሚያውቁት አያ ታገለ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው ተሰብስቦ ተስማማ፤ አያ እየነከሱ መሣሪያውን ያስተምሩታል፣ ለሥራ አስኪያጁም እሳቸው ያስረዳሉ።

«እንግዲህ ጥርስዎ ጡረታ ወጣ በሉኛ!» አለች ጆንያ ሰፊዋ አበባ። እሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ደውሎ አምስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ አለ። ነገ ይምጡ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አያ ታገለን ግን፣ አልነክስም ሲሉኝ፣ እንዲህ አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ፦

«የእርስዎ ጾም ነው ሁላችንን ሥራ የሚያስፈታው?»

እሳቸውም አማትበው አንዷን ፍሬ ነከሱ፤ ተፉ። «እርጥብ።» ሌላ። «ደረቅ።» ሃያ ጆንያ አዳረስን። እኔ ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ መሣሪያውን በእሳቸው ፍርድ ሳስተካክል ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አምስት ሰዓት ላይ መብራቱ አንዴም አልሳተም። «ማን ነው እንዲህ ያስተማረው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ተደንቆ። አያ ታገለ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊናገሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ።

«እኔው ራሴ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ያን ሁለት ቃል የሚሰርዝ ስንኝ ግን አላገኘሁም። ጾም ማስገደፌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ሌላውን የምናገረው ለራሳቸው ለአያ ታገለ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ።

ያን ቀን አያ ወደ አበባ ዞረው፣ «ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን እየጠበቀችኝ ነው» አሉ። «ሄጄ ዛሬ ብቻሽን ቁረቢ ልበላት።»

ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።