ለአባቴ ካባ ያለበስሁ ዕለት

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እቤታችን ድረስ መጥተው፣ «በምሥረታ በዓሉ ላይ ለአባትሽ ካባውን አንቺ ታለብሻቸዋለሽ» ሲሉኝ ልብስ እያጠብሁ ነበር። እጄ አረፋ እንደሆነ ሳቅሁ። ሳቄ የደስታ አልነበረም። እሳቸው ግን የደስታ መስሏቸው፣ «እሰይ! ዓረብ አገር የከረመች ልጃቸው ስታለብሳቸው ያምራል» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከገሳይ መንገድ ገባ ብሎ ያለው ይህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመው በአባቴ አውድማ ላይ ነው። ያን ጊዜ እኔ አልተወለድሁም። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከየኔታ ዘንድ ነበር፤ ሴት ደግሞ እዚያም አትቀመጥም። አባቴ «እህሌን ሌላ ቦታ እወቃለሁ» ብለው አውድማቸውን ሰጡ። ቆርቆሮውን ከደብረ ታቦር በሸክም ያመጡት እሳቸውና እኩዮቻቸው ናቸው፤ ነፋስ ቆርቆሮውንም ሰውንም አንሥቶ ገደል ሊከት ነበር እያሉ ዛሬም ይስቃሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ «ሴት ልጅህንም ስደድ እንጂ» እያሉ ሲለምኑ የኖሩትም እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልቀንስባቸውም።

እኔን ከአምስተኛ ክፍል አውጥተው የዳሩኝም እሳቸው ናቸው። ይህም እውነት ነው። አንበሳሜ ካለ ሰው ቤት ገባሁ፣ አልሆነልኝም፣ ጠፍቼ ከተማ ወጣሁ፤ ከከተማ ዓረብ አገር። የሰው ቤት ሳጸዳ፣ የሰው ልጅ ሳሳድግ ወጣትነቴ አለቀ። እናታችን ስትሞት እንኳ አልደረስሁም። አሁን ለእረፍት መጥቼ፣ የመመለሻ ቲኬቴ ተቆርጦ፣ ከበዓሉ ማግስት ተሳፋሪ ነበርሁ።

በዚህ መሀል ክርስትናው መጣ።

ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ፣ ከማዶ ያሉ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ነጭ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሰው አስከትለው ቤታችን ገቡ። ከአባቴ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ ቆዩ። እኔ ጠላ ይዤ ስገባ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ስወጣ ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ሲነሡ፣ «እንግዲህ ከፋሲካ ወዲያ ለክርስትናው ያድርሰን» አሉ። አባቴም «አሜን» አሉ።

ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ክፍል ናት። እንግዶቹ እንደሄዱ ከጓሮ ጎመን እየቀጠፍን፣ «እታለም፣ የማን ክርስትና ነው?» አለችኝ።

እቤታችን ሕፃን የለም። እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ መዳር በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ድግሱ የሚደገሰው በክርስትና ስም ነው፤ ሽማግሌውም የመጡት እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው። የእኔም «ክርስትና» ነበር የተባለው። አገሩ ሰላም አጥቶ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ከእህቴ ክፍል ሴቶች ብዙዎቹ እንዲሁ በክርስትና ሄዱ፤ በሩ ሲከፈት አልተመለሱም። እሷ ግን ያን ጊዜ ሁሉ መጽሐፎቿን በፌስታል አስራ ከቆጡ ላይ አስቀምጣ ጠብቃ፣ በተከፈተ ቀን ይዛቸው ገባች።

በማግስቱ አባቴን አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ልጅቱን ይተዉአት» አልሁ።

ቀና ሳይሉ፣ «አርጅቻለሁ። ነገ ብሞት ማን ያያታል? አንቺ? አንቺ ሂያጅ ነሽ። ሂያጅ በቤት ነገር አይገባም» አሉኝ።

ቤት ገባሁ። ሻንጣዬ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ለቀበሌ ልናገርና አባቴን ላስይዝ? ዝም ብዬ ልሂድና እዚያ ማዶ ሆኜ በስልክ «ተዳረች» ሲሉኝ ልስማ? ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልሽ አለኝ። እህቴ ምንም አትጠይቀኝም፤ ብቻ በሄድሁበት ትከተለኛለች።

የበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዳስ ውስጥ ገባ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፣ ልጆች ድራማ አሳዩ፣ ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ማንበብ ጀመሩ። አውድማው ተነሣ፣ ቆርቆሮው ተነሣ። «ለሴቶች ትምህርት ፋና ወጊ የሆኑት አባታችን» ሲሉ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ከሁሉ አብልጠው ያጨበጭባሉ። ኧረ ጉድ ነው! እህቴ ከክፍሏ ልጆች ጋር ከፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታጨበጭብም፤ እኔን ነው የምታየው።

ካባውን አመጡልኝ፤ ማይኩንም ሰጡኝ። «አንዲት የምስጋና ቃል» አሉ ርእሰ መምህሩ። «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ላለብሳቸው ነበር ያሰብሁት፣ እውነቴን ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«አባቴ» አልሁ። ድምፄ በድምፅ ማጉያው ተንቀጥቅጦ ከማዶው ተራራ ተመለሰብኝ። «ካባው ይገባዎታል። ከማልበሴ በፊት ግን ዋስ ይጥሩልኝ። እህቴ ስምንተኛን ከዚህ ትምህርት ቤት ሳትጨርስ፣ ክርስትናም ይሁን ሌላ፣ ከቤትዎ እንዳትወጣ ዋስ ይጥሩ።»

ዋስ ጥራ ማለት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። በሰው ፊት የተባለ ወይ ይጠራል፣ ወይ እምቢ ብሎ ይዋረዳል። የተጠራውም ሰው «ሆኛለሁ» ካለ ነገሩ እስኪያልቅ ካገር አይወጣም፤ ቃሉ ከፈረሰ ተጠያቂው እሱ ነው። ነገር ግን ልጅ አባቷን፣ ያውም በካባው ቀን፣ ዋስ ይጥሩ ስትል ያየ የለም።

ከኋላ አንዷ፣ «ወየው! አባቷን!» ስትል ሰማሁ። ርእሰ መምህሩ ማይኩን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልለቅም አልሁ። ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር ሹክ አሏቸው። አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ያን ፊት ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ነበር። የአባት እርግማን ደግሞ ባሕር ብትሻገሪም ይከተልሻል።

«ዋስ ጥራ ተብያለሁ» አሉ ለሰዉ፣ ያለ ማይክ። «እጠራለሁ።»

ዞር ብለው ባለ ጃንጥላውን አዩ። ሽማግሌው የሚጠሩት እሳቸው መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ አለፏቸውና ከዘራቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ዋሴ እሷ ናት።»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ተወ። ሂያጅ መሆኔን የማያውቅ አልነበረም።

«ትሆኛለሽ?» አሉኝ አባቴ። «ወይስ ሂያጅ ነሽ?»

አይ የኔ አባት! ለሳቸው ባጠመድሁት ወጥመድ የኔን እግር አስገቡት። ቲኬቱ ታየኝ፤ የምትጠብቀኝ ማዳም ታየችኝ። እዚህ ቀርቼ ምን ሠርቼ ልበላ ነው? ደግሞስ ማን ፈርዶብኝ ነው፣ እሳቸው ባጠፉት እኔ የምታሰረው? ተናድጄ ልጮህ አፌን ስከፍት እህቴን አየኋት። ከመሬት ተነሥታ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ሆኛለሁ» አልሁ።

እልልታው ሲቀልጥ ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ተነሥተው፣ ካህናቱን እንኳ ሳይሰናበቱ፣ ከዳሱ ወጡ።

ካባውን አለበስኋቸው። አባቴ ጎንበስ አሉልኝና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንቺን የዳርሁ ጊዜ ዋስ ጥራ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ።

«እኔ ነበርሁ» አልሁ። «ምሰሶውን ይዤ ስጮህ አልሰሙኝም እንጂ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የኔም። ይቅር ብያቸዋለሁ አልልም፤ በዚያ ቀን አላልሁም። የካባውን መያዣ አጥብቄ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

ማግስቱ ሰኞ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደኝ መኪና ከዋናው መንገድ ላይ ጥሩንባውን ነፋ፣ ቆየ፣ ደግሞ ነፋ፣ ሄደ። ሻንጣዬ እንደተቆለፈ ከግድግዳው ተደግፎ ነበር። እህቴ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ መጽሐፎቿን በዚያው ፌስታል ይዛ ወጣች። አባቴ ካባቸውን እንደደረቡ ከደጃፉ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን ቆመሻል፣ ዋስ?» አሉኝ። «ሸኚያት እንጂ።»

ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኋት።