ሦስተኛው ጎማ

ግራ እግሬ በሕፃንነቴ በፖሊዮ ሰልሏል። የምሄደው በአንድ ክራንች ነው። ሒሳብ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ በቴፒ መንገድ ላይ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሚኒባሱ ወይ ይዘገያል ወይ ጭራሽ አይመጣም። ርእሰ መምህሩ ስለ ማርፈዴ ለሁለተኛ ጊዜ በጽሑፍ ሲያስጠነቅቀኝ ሌላ መጓጓዣ መፈለግ ጀመርኩ። ባጃጅ ያን ጊዜ ገና መምጣቱ ነበር፤ ከከተማ አይወጣም። ሞተር ሳይክል ደግሞ ማርሹ የሚቀየረው በግራ እግር ነው።

ስለዚህ ለራሴ የሚሆን ሞተር ለመንደፍ ተነሣሁ። ማርሹን ከእግር አንስቼ በረጅም ብረት ወደ እጅ አመጣሁት። ወንበሩን ዝቅ፣ መሪውን ጠጋ አደረግሁ። ስሥል ስሰርዝ ሳምንታት አለፉ። በወረቀት ላይ የሚያምር፣ ቀጠን ያለ ሞተር ወጣልኝ። ሥዕሉን ባለቤቴ እንኳ እንዳታየው በተማሪዎች ፈተና ወረቀት መሃል እደብቀው ነበር።

ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በራቸው ላይ ጎረምሶች ተቀምጠው ስላየሁ ሁለት ቀን እያለፍኩ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ገባሁ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝና እያገላበጡ አዩት። የማርሹ ብረት እንደሚሠራ ነገሩኝና ቀና አሉ።

“መምህር፣ ጭቃ ላይ ስትቆም የቱን እግርህን ነው የምታወርደው?”

ቀኙን አልኩ።

“ወደ ግራ ካዘነበለብህስ?”

የግራ እግሬን አየሁ። እሳቸውም አላፌዙብኝም። አንድ አሮጌ ሞተር ላይ አስቀመጡኝና ራሳቸው ይዘው በትንሹ ወደ ግራ አዘነበሉት። እግሬ እንደ ጨርቅ ታጠፈ፤ በብብቴ ይዘው አተረፉኝ። በግራ በኩል ሦስተኛ ጎማ ካልገባለት እንደማይሠሩልኝ ነገሩኝ። ጋሪ አስመሰሉብኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብስ ትሰፋለች። ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝና ሁሉንም ነገርኳት። ሥዕሉን ተቀብላ አየችው፤ ማማሩንም አልካደችም።

“እኔ ግን በዚህ ከወጣህ እስክትመለስ በር በር ሳይ ነው የምውለው” አለች። ወደ ስፌቷ ተመልሳም፣ “ጎማውን የጠላኸው ሰው እንዳያይብህ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሥዕሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ ግን አዲስ ወረቀት ዘርግቼ ጎማውን ጨመርኩና ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።

አዛውንቱ ከአንድ ያገለገለ ሞተር ላይ እየቆረጡ እየበየዱ ሠሩልኝ። ሲያልቅ ቡና ለቀማ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የወጣሁበት ቀን እሳቸው በሌላ ሞተር ከኋላዬ ተከተሉኝ። መሪውን ከመጨበጤ ብዛት ጣቶቼ ደነዘዙ። ደጃፏ ላይ ቡና የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ እስካልፍ ድረስ አየችኝ። ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ ላይ ጎማው ከመሬት ተነሣ። አለቀልኝ አልኩ። ነዳጁን ስቀንስ ተመልሶ መሬት ያዘ። አዛውንቱ አስቁመውኝ ጎማው ክብደት እንደሚያንሰው ተናገሩ፤ ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥተውም በገመድ አሰሩበት። የቀረውን መንገድ በዝግታ ሄድኩ።

ደወሉ ሳይደወል ደረስኩ። ሞተሩን በሩ አጠገብ አቆምኩት። ርእሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረው።

“ዝናብ ሲመጣ የት ልታስገባው ነው?” አለኝ።

አላሰብኩበትም ነበር። በመጋዘኑ ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ አሳየኝና ወደ ቢሮው ተመለሰ።