የደሴቷ ተመራጭ የት ይደር?

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ሙሉና ከባሏ ከኦኬሎ ጋር ነው፤ ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ጓሮ በተከራዩአት ቤት። እሷ ለሰፈሩ ሱቆች ልብስ ትሰፋለች። እሱ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ይሠራል፤ የተወለደው ግን ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ነው።

ወደዚያች ደሴት የተጓዝንበት ምክንያት ይህ ነው። ደሴቷ በሐይቁ ዳር ከተማ በሚሰበሰበው የአውራጃ ምክር ቤት አንድ ወንበር አላት። ቀድሞ የተመረጠው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ከተማ ተሻገረና በዚያው ቀረ፤ ሐኪም የሚያመጣው ጀልባም እንደ እሱ ቀረ። አሁን ምርጫ ደረሰና ኦኬሎ ልወዳደር አለ። ሐሳቡ የናይሮቢ ሥራውን ሳይለቅ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር በአውቶቡስ እየወረደ ለአገሩ ሰዎች ሊናገርላቸው ነው። የደሴቷ ሽማግሌዎች ግን መጀመሪያ ሚስትህን አምጣት ብለው ላኩበት። እኔም እትዬን ብቻዋን አልሰድም ብዬ ተከተልኩ። ሐይቁን ማየትም አምሮኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ቁልቁል ወደ ሐይቁ

ከመሃል ከተማው አውቶቡስ ተራ በማለዳ ተነሣን። ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ አወጣንና ስምጥ ሸለቆው ከታች ተዘርግቶ ታየ። ኦኬሎ ይህ ሸለቆ ከእናንተ አገር ተያይዞ የመጣ ነው ሲለኝ በሰው አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ናኩሩ ላይ የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ገዛን፣ አንዱን በሺሊንግ። ከዚያ ወዲያ የሻይ ተክል ነው፤ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። እትዬ አዲስ የሰፋችውን ቀሚስ እንዳይጨማደድባት እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች።

"ሸሜጂ፣ ልትመረጥ የምትሄደው እህትሽ ናት ወይስ እኔ?" ይለኛል ኦኬሎ። ሸሜጂ በስዋሂሊ አማች ማለት ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሲመሽ ሐይቁ ዳር ደረስን። የተጠበሰ ዓሣ በኡጋሊ በልተን አደርን። ኡጋሊ ጠጠር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ገንፎ ያለ ቅቤና በርበሬ እንዴት እንደሚዋጥ ያን ቀን ተማርኩ።

ነፋስ ጥበቃ

ጠዋት ወደ ዳርቻው ስንወርድ የሚያሻግረን ጀልባ አለ፣ ነፋሱ ግን አያሻግርም። ዛፍ ጥላ ይዘን ተቀመጥን። አጠገባችን ደረቅ ዓሣ ሸጣ የምትመለስ ሴት ነበረች፤ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው ያደረችው። እትዬ በስዋሂሊ፣ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሐይቁን በአገጯ አሳየቻትና "እሱን ነው የምንለምነው" አለች። ባለፈው የዝናብ ወራት የወንድሟ ሚስት ጀልባ ስትጠብቅ እንደሞተች የነገረችን ቆይታ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርዶ ስንሳፈር። ኦኬሎ ከዚያ ወዲህ አልቀለደም።

ዛፉ ሥር

ደሴቷ ድንጋያማ ናት። ዳርቻው ላይ ጣት የማታህል ዓሣ በመረብ ላይ ተሰጥታ ትደርቃለች፤ ሽታዋ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እስከ ናይሮቢ ተከትሎናል። ሰዉ ከትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ወንዶቹ ብዙ ተናገሩ፤ ቁርጡን የተናገረችው ግን የኦኬሎ አክስት ናት፣ ማማ አቲየኖ የሚሏት፣ ጥርሷ ያለቀ ቀልደኛ አሮጊት። የምታውቀው የደሴቷን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ኦኬሎ በስዋሂሊ እየመለሰ ይነግረናል።

አስቀድማ የእትዬን ክንድ ዳሰሰችና ይህች መረብ አትጎትትም፣ ግን ታምራለች አለች። ሰው ሳቀ። ከዚያ ነገሩን አመጣችው። የድሮው ተመራጭ ሚስትና ልጆቹ እዚህ ሳሉ ጀልባው ሳምንት አይዘልም ነበር፤ እነሱን ያሻገረ ቀን እኛን ረሳን። ስለዚህ ድምፃችንን የምንሰጠው ሚስቱን እዚህ ለሚያኖር ሰው ነው።

"እሷ ከእኛ ጋር ጀልባ ከጠበቀች፣ አንተ እዚያ እንቅልፍ አይወስድህም" አለችው።

የእትዬ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ምክንያቱን ከእኔ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ የጠፋ ጊዜ ቀበሌዎች መጥተው አባታችንን ወሰዱት፣ ልጅህ እጁን እስኪሰጥ ብለው። ወንድማችን አልተመለሰም። ለአባታችን ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ስንቁን አንቀበልም ብለው መለሷት፤ መሞቱን ያወቅነው በዚያ ነው።

ተነሣች። የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ በስዋሂሊ ቀስ ብላ ተናገረች።

"እናቴ፣ እውነትሽን ነው። ግን ሰው በሌላ ሰው ፈንታ አይያዝም። የሚናገርላችሁ እሱ ከሆነ ጀልባውንም እሱ ይጠብቅ። እሱን ያዙት፤ የናይሮቢውን ቤት እኔ አስተዳድረዋለሁ።"

ስዋሂሊ የሚሰሙት ወጣቶች ቀድመው ሳቁ። አክስቲቱ ምን አለች እያለች ኦኬሎን በክርኗ ትጎሽመዋለች። ምስኪን፣ የተፈረደበትን ፍርድ ራሱ መተርጎም ነበረበት። ሊያሳጥረው ሲሞክር ከወጣቶቹ አንዱ "ሁሉንም ንገራት እንጂ፤ ገና ሳትመረጥ ልትደብቀን ነው?" አለው። ላቡን ጠርጎ ሁሉንም ነገራት። አሮጊቷ ወደ እትዬ ዞራ አንዲት ቃል ተናገረች። "ይሁን" ማለቷ ነው።

ወደ ቤት

የመልሱ አውቶቡስ ናኩሩ ላይ ቆመ። እዚያ ሻይ ስንጠጣ ኦኬሎ፣ በገዛ ዘመዶቼ ፊት አሳፈርሽኝ አላት።

"አላሳፈርኩህም፤ መንገዱን አሳየሁህ። ካልፈለግኸው መጋዘንህ አለልህ።"

ከናኩሩ እስከ ናይሮቢ ስለ አባታችን ነገረችው። ባሏ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት አልሰማም ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ የተኛሁ መሰልኩ። በሰው ፈንታ መናገር ማለት አፍ ማወቅ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ መንገድ ግን ከተቸገረው ጋር ቁጭ ብሎ መጠበቅም እንዳለበት ገባኝ። ፓርክላንድስ ስንገባ እትዬ በሩን ከፍታ፣ ሳታርፍ ያልጨረሰችውን ስፌት አነሣች።

ኦኬሎ በወሩ የኢምባካሲ ሥራውን ለቆ ወደ ደሴቷ ገባ። በዚያ ዘመን ምርጫው ከሚፈልጉት ሰው ኋላ በመሰለፍ ነበርና ሰዉ ከኋላው ተሰለፈ። ለመጀመሪያው ስብሰባ ነፋስ አግዶት ዘግይቶ ሲደርስ ምክር ቤቱ ተበትኖ ዘበኛው በር ሲቆልፍ አገኘው። እንደ ሌሎቹ ተመራጮች ከተማ ቤት ተከራይ ብለው መከሩት፤ እንቢ አለ። እዚያው የምክር ቤቱ በረንዳ ላይ አደረ። ጠዋት ጸሐፊው ሲመጣ፣ ስብሰባው ጀልባ በሚሻገርበት ቀን ማግስት እንዲሆን ጠየቀና ወደ ደሴቷ ተመለሰ።