የጮኸው ልጅ ፎቶ

ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ከዚህ ውጪ ማንም የማይፈልጋቸውን ሸክላዎች እሰበስባለሁ። የታወቁ ዘፋኞችን ሸክላ የሚሰበስብ ሰው አዲስ አበባ ሞልቷል፤ እኔ የምወደው ሌላውን ነው። ስለ ዶሮ እርባታ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሸክላ አለኝ። የባቡር ድምፅ ብቻ የተቀዳበት አለኝ። በምን ቋንቋ እንደሆነ እስካሁን ያላወቅሁት ስብከትም አለኝ። ለምን እንደምሰበስባቸው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ ማጫወቻውን ገዛሁ፤ ማጫወቻ ስላለኝ ሸክላ ፈለግሁ፣ በቃ።

ሞጣ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ለሠርግ ሥራ ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር ሱቃቸው ጎራ እላለሁ። ሰኔ ላይ ከተሰባበሩ ሬዲዮኖች ሥር አንድ ሸክላ ጎትተው አወጡና፣ «ይሄንን ውሰጅልኝማ፤ ሽፋኑን ያየ ሁሉ ሰይጣን ነው ይለኛል» አሉኝ።

ሽፋኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ፀጉሩ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። በፎቶ አንሺ ዓይን ሳየው ሁሉ ነገሩ ስህተት ነው፤ ፍላሹ ከመጠን በላይ ተጠግቶ ግንባሩን አንጥቶታል፣ የራሱ ጫፍ ተቆርጧል፣ የሌላ ሰው ክንድ ፊቱ ላይ ተጋርጧል። እኔ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ባነሳ ደንበኛ አይቀበለኝም። ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ሳይቀር፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ሳየው መጣሁ። ፎቶ ማንሳት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ አጫወትኩት። ወፍራም፣ ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ ነው፤ ጊታሩ ከሥሩ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ሽፋኑን በስልኬ አንስቼ አዲስ አበባ ለሚኖር ጓደኛዬ ላክሁለት።

«ፓንክ ሮክ ይባላል፤ ፈጣን ጩኸት ነው» አለኝ።

እኔ የምሰማው ፈጣንም ጩኸትም አይደለም። አያውቅም ብዬ ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ፣ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ፣ ያንን ሰውዬ ስሰማ ከረምኩ። ቃሉ አይገባኝም፤ ግን የምሬን ወደድኩት።

በጥር እንደገና ለሠርግ ሞጣ ሄድኩ። ሥራዬን ጨርሼ ከሰዓት በኋላ መኪና ስጠብቅ ከአንድ ጠጅ ቤት ጩኸት ሰማሁ። ጠብ መሰለኝ። ብቅ ብዬ ሳይ አንድ ወጣት ክራሩን በሽቦ ከሞንታርቦ ጋር አያይዞ ይመታል፣ ጓደኛው ከበሮ ይደልቃል። ልጁ በሥራ ቀን ብየዳ ቤት እንደሚሠራ በኋላ ነግሮኛል። ዘፈን አልለውም፤ ይጮኻል። ግጥሙ አይሰማም። ግማሹ ጠጪ ይስቃል፣ ግማሹ ጆሮውን ይዟል፤ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የሚያስቅ ነው የሚያስለቅስ? እኔም አላወቅሁም። ካሜራዬን አወጣሁ፣ ሥራዬ ያስተማረኝን ሁሉ ትቼ ተጠጋሁ፣ ፍላሹን ፊቱ ላይ አበራሁበት፣ ሰው ሲገፋኝ እንደተገፋሁ አነሳሁ።

አንዱን አጥቤ በሾፌር ላክሁለት። ደውሎ አመሰገነኝ፤ ደስ ብሎታል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት ትልቅ ሴት ፎቶ ቤቴ ገቡ። ከመኪና መውረዳቸው ነው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«አንቺ ነሽ ፎቶ አንሺዋ?»

«አዎ እናቴ፤ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ከነጠላቸው ጫፍ ፎቶውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። የልጁ እናት ነበሩ።

«ማን ነው ልጄን የመታው?»

«ማንም አልመታውም። እየዘፈነ ነው እኮ።»

«እኔ ዘፈን አላውቅም? ይሄ የሚዘፍን ሰው ፊት ነው? እሱን ብጠይቀው ይስቅብኛል። አንቺስ ቆመሽ ታነሺያለሽ እንጂ አትገላግይም?»

ፎቶውን እንደ አዲስ አየሁት። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ከጎኑ የአንድ ሰው ክንድ ተዘርግቷል። እውነትም የሚደበደብ ሰው ይመስላል። በውጭ አገርም ሰው እንዲህ እየጮኸ እንደሚዘፍን ላሳያቸው ብዬ ሸክላውን አመጣሁ። ሽፋኑን አይተው አማተቡ፤ ሸክላው መዞር ሲጀምር ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰሙት።

«ሐዘን ላይ ነው» አሉ። «ሚስቱ ሞታበት ነው። ይሄስ መቼ ጮኸ?»

ከዚያ ማጫወቻው ጎን ወዳለችው ቁልፍ ጣታቸውን ዘረጉ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ፍጥነት መቀየሪያ ናት፤ ትልልቆቹ ሸክላዎች በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ...»

ሳልጨርስ ገፏት። ቁልፏ ወደ አርባ አምስት ሄደች፤ ሰውዬው ጠፋ፤ በቦታው አንዲት ልጅ ጮኸች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትንፋሽ የማትሰበስብ። ወፍጮው ጊታር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ። ሁለታችንም ደነገጥን። ሸክላውን አስቁሜ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ወደ ብርሃን አስጠጋሁት። በጥቃቅኑ አርባ አምስት ይላል። ለካ ከሰኔ ጀምሮ በዝግታ ሳዞረው ነበር፤ የሰማሁት ሰው ጭራሽ አልነበረም።

«ቅድም የነበረው ሰውዬስ?» አሉኝ።

«የለም። እሷው ናት።»

«እንዴት እሷው ትሆናለች?»

አስረዳኋቸው። ገባኝ አሉ፣ ግን የገባቸው አይመስልም፤ እኔም ራሴ የገባኝ አይመስለኝም። ልጅቷን ደግመው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔም ልጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው?»

«ይመስላል።»

«እቤት ድምፁ አይሰማም። ራት ቀርቧል ስለው እንኳ ራሱን ነቅንቆ ነው እሺ የሚለኝ።» ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው እስከ በሩ ሄዱ፤ ከዚያ ተመልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ስሄድ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። መዝፈን ማቆሙን ነገረኝ።

«እናትህ ከለከሉህ?»

«ኧረ እሷስ ምንም አላለችም። ፎቶው ነው። ያንን ካየሁ በኋላ አፌን ስከፍት ፊቴ ይታየኛል። አሁን እንዲህ ሆንኩ፣ አሁን አንገቴ ተገተረ እያልኩ አስባለሁ። እያሰቡ መጮህ አይሆንም።»

«ታዲያ ደስ ብሎኛል ብለኸኝ አልነበር?»

«ደስማ ብሎኛል» አለ። እየሳቀ ነው። የምጠይቀው ይቅርታ ይሁን ሌላ ነገር ሳይገባኝ ተለያየን። እስከ ቢቸና መንገዱን ሙሉ አሰብኩት፤ የትኛው እንደተበላሸ አላወቅሁም፤ ፎቶው ነው ልጁ ነው ወይስ እኔ?

ግንቦት ላይ ደወለልኝ። «እንደገና ልጮኽ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ጠጅ ቤቱ ነይ፤ ካሜራሽንም ያዢ» አለኝ።

ጠጅ ቤቱ ጢም ብሏል። ልጁ ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል። ግድግዳው ሥር ከሞንታርቦው አጠገብ አንዲት አግዳሚ አለች፤ አግዳሚዋ ላይ እናቱ ለስላሳ መጠጥ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊቱን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲያዩኝ አግዳሚዋን መታ መታ አደረጉልኝ፤ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጮኸ። ከጥር ጊዜውም የባሰ ነበር፤ ብርጭቆው በጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ካሜራዬን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ።

«አንሺው እንጂ!» አሉኝ በጆሮዬ።

አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት። ስክሪኑን ብናይ ፊቱ ፍጹም ጸጥ ያለ ነው፤ ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉ በቃል መሐል ሊገጥም ምንም አልቀረውም። እናቱ ስክሪኑን አዩ፣ ቀና ብለው የሚጮኸውን ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን።

«ይሄማ ተኝቷል» ብለው ሳቁ።

ሲያልቅ ይሄኛውን አጥቤ ልላክልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ የትኛው እሱ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ አይደለሽ? ፎቶ አንሺዋ አንቺ ነሽ።»

አላውቅም አልኳቸው። መጨረሻውን መኪና እንዳያመልጠኝ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።