ሆደ ሰፊዋ ድንጋይ

የምሠራበት የአልማዝ ሱቅ ለንደን፣ ሀተን ጋርደን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ መስታወት አጸዳለሁ፣ ለእንግዳ ሻይ አቀርባለሁ። የሱቁ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ እንግሊዛዊት ናቸው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። እሳቸው ግን ሥራው ቀለል ባለ ቁጥር "ነይ እስቲ እይ" ይሉኝና ድንጋዮቻቸውን ያሳዩኛል።

ክብ አልማዝ ሲሆን አጠራረቡ ጥሩ ይሁን መጥፎ ምስክር ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሞላላ ሲሆን ወይም የእንባ ጠብታ ሲመስል ግን ብዙ ጊዜ ያ ደረጃ አይጻፍም። "እዚህ ላይ ወረቀቱ አይረዳሽም፤ ራስሽ ነሽ የምታዪው" አሉኝ አንድ ቀን። ድንጋይ ሲመረምሩ ማየት እወዳለሁ። ድንጋዩን በወረንጦ አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ያኖሩታል። መጀመሪያ ከላይ ሆነው ቅርጹን ያያሉ፤ ርዝመቱ የወርዱን አንድ ተኩል ያህል ከሆነ ጣት ላይ ያምራል፣ ከዚያ ብዙ ካለፈ ቀጭን ይሆናል። ቀጥለው በመዳፋቸው ጥላ ያጠሉበትና መሃሉን ይመለከታሉ። ሞላላ አልማዝ መሃሉ ላይ፣ የሆቴል አስተናጋጆች አንገታቸው ላይ የሚያስሯትን ቢራቢሮ መሳይ ክራባት የምትመስል ጥቁር ጥላ ይይዛል። ድንጋዩ ወዲያ ወዲህ ሲል ጥላዋ ብልጭ ብላ ከጠፋች ምንም አይደል፤ እዚያው ከተቀመጠች ግን ይተዉታል። በመጨረሻ በጎኑ ያዞሩትና ጥልቀቱን ያያሉ።

አንድ ሻጭ ስለ ድንጋዩ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያወራላቸው አይቻለሁ። እሳቸው ሁለቴ ወዝወዝ አደረጉትና "ወረቀቷ በጣም ቆንጆ ነው" ብለው ድንጋዩን መለሱለት። ሰውዬው ድንጋዩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ያን ቀን ሻይ የያዝኩበትን ትሪ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ዌምብሊ የምኖረው ከእናቴ ወንድም ጋር ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አውቶቡስ ነጂ ናቸው። ዘንድሮ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ሊያገቡ ሆነ። ሙሽራዋ የመኖሪያ ወረቀታቸው እስኪስተካከል ድረስ አዲስ አበባ ሆና ስምንት ዓመት የጠበቀቻቸው ሴት ናት። ቀለበቷን ከእኛ ሱቅ ለመግዛት ቆረጡ።

"አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እንግሊዝኛው እኮ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይችላሉ።"

"እኔ የምችለው የአውቶቡሱን ነው። 'እባካችሁ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ!' የአልማዙን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው መጡ። ባለሱቋ ሴትዮ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሞላላ አልማዞች ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አኖሩላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው አጎነበሱ። ሴትዮዋ ወደ ግራዋ ድንጋይ ጠቆሙና "ይቺኛዋ ትልቅ ሆድ አላት፣ ንገሪያቸው" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ሁለቱም እኔን ያያሉ። ጆሮዬ ጋለ። ቶሎ ብዬ ልገላገል ፈለግሁ።

"ሆደ ሰፊ ናት ይላሉ" አልኩ።

ጋሼ ቀና አሉ። "ሆደ ሰፊ?"

"አዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን 'ምነው ዘገየህ' ያላለችኝ ሴት ናት። ለካ ድንጋይም ሆደ ሰፊ አለው! በቃ፣ ይህቺው ናት። ሌላውን አላይም።" ብለው ለመጨባበጥ ለሴትዮዋ እጃቸውን ዘረጉ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ሳይሰጡ ወደ እኔ ዞሩ። "ለምንድን ነው የወደዷት?"

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ስህተት የገባኝ። በእኛ ቋንቋ ሆደ ሰፊ ማለት ታጋሽ፣ ሁሉን ቻይ ማለት ነው። ሴትዮዋ የነገሩኝ ግን የድንጋይዋን ጉድለት ነበር። ዝም ብል፣ ያቺ የጠበቀች ሴት ዕድሜ ልኳን ጣቷ ላይ የምታየው ክብደቷ ከሥር ተደብቆ ትንሽ የምትመስል ድንጋይ ይሆናል፤ ያውም በእኔ ምላስ። ብናገር ደግሞ ያን የፊታቸውን ደስታ የምወስደው እኔ ነኝ፣ ያውም ባዕድ ሰው ፊት። ጋሼን አርሜ አላውቅም። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ሆደ ሰፊ አላሉም። ሆዳም... ሆዳም ናት ነው ያሉት።"

"ሆዳም!" እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። "የሙሽራዬ ጣት ላይ ሆዳም ልታስቀምጪብኝ ነበር?"

"ክብደቷን ከሥር ሆዷ ውስጥ ነው የያዘችው። ከላይ ሲያዩዋት አይታይም።"

"አሳዪኛ ታዲያ።"

ሴትዮዋን አየኋቸው። አማርኛውን አልሰሙትም፤ የሆነው ግን ሳይገባቸው አልቀረም፤ ወረንጦውን በእጀታው በኩል ወደ እኔ ገፉልኝ። እንግዳ ፊት ይዤው አላውቅም። ድንጋዮቹን በጎን በጎናቸው አዞርኳቸው። የግራዋ ወደ ታች ወፍራም ነበረች። ከዚያ መልሼ ከላይ አሳየኋቸውና በመዳፌ አጠላሁባቸው፤ ወዝወዝ አደረግኋቸው። የግራዋ ጥቁር ክራባት ንቅንቅ አላለችም።

ጋሼ ረዥም ጊዜ አጎነበሱ። "እኩል ነው ያሉት ክብደታቸው? ቼክ አድርጊማ።"

ምስክር ወረቀቶቻቸውን አየሁ። "እኩል ነው፣ ጋሼ።"

"ይቺ የቀኟ ግን ትሰፋለች።"

"የያዘችውን ከላይ ስለምታሳይ ነው።"

ለሴትዮዋ ምን እንደተፈጠረ ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሆደ ሰፊ ማለት ምን እንደሆነ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ከዚያ ጋሼ መጀመሪያ የመረጧትን የግራዋን ድንጋይ ሴትዮዋ ራሳቸው በመጠቅለያዋ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት። በዚህም አላበቁም፤ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀኟን ጉድለት ተናገሩ። አንደኛው ጫፏ ከሌላው በጥቂቱ ይሾላል፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም፣ ግን ይወቁት አሉ። በዚያ ሱቅ ካየሁት ሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው። ይህን ደግሞ ሳልቸኩል፣ አንድም ቃል ሳላሳምር አስተረጎምኩ።

ጋሼ አጉሊውን ተቀብለው አዩ፣ መለሱ። አገጫቸውን አሻሹ። "አንቺ ብትሆኚስ?" አሉኝ።

ለንደን ከመጣሁ ሰው ስለ ምንም ነገር እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንዴ ደግሜ አየሁ።

"ይህቺን እወስድ ነበር" አልኩ።

"እንግዲያስ ወስጃታለሁ፣ ንገሪያቸው" አሉ፤ ነገርኳቸው።